ከእንቡጥ እስከ ሰፈር፤ «በርጀን» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ታሪክና የአማርኛ አቻዎቹ

ስለ አፍሪካ ከተሞች በእንግሊዝኛ የተጻፉ ጥናቶችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ባለሙያ ደጋግሞ የሚያጋጥመው አንድ ቃል አለ። እርሱም «በርጀን» የሚባለው ግሥና ከግሡ የሚወጣው ቅጽል ነው። የሕዝቡ ቍጥር፣ የከተማው ዳርቻ፣ የገበያው ስፋት፣ የሥራ ፈላጊው ብዛት በዚህ ቃል ይገለጻል። ተርጓሚው መዝገበ ቃላት ቢገልጥ «እንቡጥ አወጣ» ወይም «አቆጠቆጠ» ወደሚል ፍቺ ይመራል፤ ከፊቱ የተዘረጋው ዓረፍተ ነገር ግን ስለ ቅርንጫፍና ስለ ቅጠል ሳይሆን ስለ ቤትና ስለ ሰው የሚናገር ነው። በዚህ ጊዜ አንዱ «እየተስፋፋ የመጣ» ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው «በማቆጥቆጥ ላይ ያለ» ይለዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ «እንደ አሸን የፈላ» እስከ ማለት ይደርሳል። ሦስቱም አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይዘው የተነሡ ናቸው፤ የደረሱበት ቦታ ግን የተለያየ ነው።

ነገሩ የቃላት ማማረጥ ብቻ የሚመስለው ቢኖር፣ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳር፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚገኘውን ዓለም ባንክ የሚባለውን ሰፈር ያስብ። ሰፈሩ በቀለ ሊባል ይችላል፤ ተስፋፋ ሊባልም ይችላል፤ ፈላ የሚልም አይጠፋም። «በቀለ» ያለው ጸሐፊ ነዋሪውን ዘር አድርጎታል። «ተስፋፋ» ያለው በካርታ ላይ የሚሰፋ ጠርዝ ብቻ ነው ያየው። «ፈላ» ያለው ግን በውስጡ የሚኖሩትን ሰዎች ከዝናብ በኋላ ከምድር ከሚወጡ ክንፋም ነፍሳት ጋር አስተካክሏቸዋል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለአስተዳደር ሰዎች የሚቀርብ ሲሆን፣ ቃሉ የሚያስከትለው ውሳኔ በዚያ ሰፈር ባለ ቤትና ግቢ ላይ የሚያርፍ ነው። ስለዚህ «በርጀን» ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፣ አማርኛስ ለዚህ ነገር ምን ምን ቃላት እንዳሉት መመርመሩ ለሙያው ባልደረቦች ሥራ ፈትነት አይሆንም።

ቃሉ የእንግሊዞች የአባት የእናት ሀብት አይደለም። ከኖርማኖች ወረራ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ከገባው ፈረንሳይኛ የተወረሰ ሲሆን፣ እንግሊዝኛው ውስጥ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1300 ዓመት ወዲህና ወዲያ ነው። የጥንቱ የፈረንሳይኛ ስም ትርጉሙ እንቡጥ ማለት ነበር። የቋንቋ ታሪክ አጥኚዎች ከዚያም ወደ ኋላ ሄደው ሥሩን በኋለኛው ዘመን ላቲን ከሚገኝ «ቡራ» ከሚባል ቃል ጋር ያገናኙታል፤ ቡራ ማለት ሻካራ ሱፍ፣ ጭገር ያለው ጨርቅ ማለት ነው። የፍሬ ዛፎችና የወይን ሐረግ እንቡጥ ሊፈነዳ ሲል ላዩን ለስላሳ ጭገር እንደሚሸፍነው ያየ ገበሬ ስሙን ከዚያ ሳያወጣው አልቀረም። ነገር ለማጫወት ያህል፣ «ቢሮ» የሚለው በየመሥሪያ ቤቱ የሚነገረው ቃልም የዚሁ የቡራ ዘር ነው፤ ፈረንሳዮች መጀመሪያ ሻካራውን የሱፍ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ጨርቁ የሚነጠፍበትን የጽሕፈት ጠረጴዛ፣ በመጨረሻም ጠረጴዛው ያለበትን ክፍል በዚያ ስም ጠሩ። ስለዚህ በቢሮው ተቀምጦ «በርጀን»ን ለመተርጐም የሚቸገር ሰው የቃሉ ዘመድ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው የሚቸገረው።

በእንግሊዝኛ ውስጥ «በርጀን» ለብዙ ዘመን ከዛፍና ከቅርንጫፍ አልራቀም። ከዚያም እየከሰመ ሄዶ በተራው ሰው አነጋገር የማይሰማ ቃል ሆነ። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የአሮጌ ቃላት ፍቅር ያደረባቸው ባለቅኔዎች መልሰው አነሡት፤ ዋልተር ስኮት እ.ኤ.አ. በ1810 ባሳተመው ረጅም ግጥም፣ ቴኒሰንም በ1850 ለሟች ወዳጁ መታሰቢያ ባወጣው ሥራ ተጠቅመውበታል። በዚያን ጊዜ ቃሉ የጸደይ ሽታ ነበረው። በሃያኛው መቶ ዓመት ግን ጋዜጠኞች እጅ ገባ። ጋዜጠኛ ደግሞ «አደገ» እና «ጨመረ» የሚሉት ቃላት ቶሎ ይሰለቹታል። ይህ ከባለቅኔ የተገኘ፣ ክብደት ያለው የሚመስል ቃል ለበጀቱም፣ ለሕዝቡም፣ ለተሽከርካሪውም ይውል ጀመር። እንቡጡ ቀርቶ ብዛቱና ፍጥነቱ ብቻ ቀረ።

ይህን የተቃወሙ አልጠፉም። የኒው ዮርክ ታይምስ አዘጋጅ የነበረው ቴዎዶር በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው የአጻጻፍ መመሪያው ቃሉ እንቡጥ ማውጣትን እንጂ መስፋፋትን አያመለክትም ሲል ተከራክሯል። አሜሪካን ሄሪቴጅ የተባለው መዝገበ ቃላትም እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ለአጠቃቀም ጥያቄዎች የጸሐፊዎችና የምሁራን ጉባኤ አቋቁሞ ሐሳባቸውን ይሰበስብ ስለ ነበር፣ ይህም ቃል ከቀረቡት መካከል አንዱ ሆነ። የአንድ ወጣት ሙዚቀኛ ተሰጥዎ ሲያብብ በቃሉ መግለጹን ብዙዎቹ አልተቃወሙም፤ ያከራከራቸው በኒው ዮርክ ከተማ ኩዊንስ በሚባለው ክፍል የሚኖረውን ሕዝብ ብዛት በዚያው ቃል መግለጽ ነው። ልዩነቱን አንባቢ ልብ ይበል። ተሰጥዎ ገና መውጣቱ ስለሆነ እንቡጥነቱ ይታያል። የኩዊንስ ሕዝብ ግን ቀድሞም የነበረ ነው፤ የጨመረው ቍጥሩ ነው። በመጨረሻ ያሸነፈው የብዙኃኑ ልማድ ሆኖ፣ ዛሬ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት «በፍጥነት ማደግ» የሚለውን ፍቺ ያለ ወቀሳ ያሰፍራሉ።

የ«በርጀን» ዕጣ ብቸኛ አይደለም። «ፑሉሌት» የሚባለው ሌላ ግሥ ከላቲን ሲወረስ ማቆጥቆጥ፣ ከግንድ ሥር አዲስ ቅጥል ማውጣት ማለት ነበር፤ አሁን በእንግሊዝኛ መርመስመስ፣ መጕረፍ ማለት ሆኗል። «ጀርም» የሚለው በጤና ትምህርት ወደ አማርኛ የገባው ቃልም በላቲን ቡቃያ ማለት ነው፤ የበሽታ ዘር የሚለውን ትርጉም ያገኘው ኋላ ነው። እጅህን ታጠብ ተብሎ የሚመከር ልጅ የሚያጥበው ነገር ስሙ ቡቃያ እንደ ሆነ ማን ይነግረዋል።

ከዚህ ላይ ወደ አገር ውስጥ ቋንቋ መመለስ ያስፈልጋል። አማርኛ ከእርሻ የተወለደ ቋንቋ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛ በአንድ ቃል የሚጠቀልለውን ነገር በየደረጃው ለይቶ የሚጠራበት ሀብት አለው። ይህን ሀብት ሳይመለከት ከመዝገበ ቃላት የመጀመሪያውን ፍቺ አንሥቶ የሚሄድ ተርጓሚ፣ ጐተራ ሞልቶ ሳለ እህል የሚበደርን ሰው ይመስላል።

የሁሉም መሠረት «በቀለ» ነው። በግእዝ ግሡ በጕርድ ቈ ይጻፋል፤ «በቈለ» ይባላል። የመበቀል፣ ማለት የቂም፣ ግሥ ግን በተራው ቀ ነው። ግእዙ ሁለቱን በፊደል ለይቶ ሲያኖራቸው አማርኛ አንድ ድምፅ አድርጎ ስለ ቀላቀላቸው፣ «በቀል» ሲባል የሰማ ሰው ቂሙን እንጂ ቡቃያውን አያስብም። ዐረብኛም «በቀለ» የሚል ተመሳሳይ ግሥ ስላለው ሥሩ ከሴም ቋንቋዎች የጋራ ሀብት እንደ ሆነ ይታያል። የኦሪት ዘፍጥረት የፍጥረት ታሪክ ምድር ዕፅዋትን እንድታወጣ የታዘዘችበትን ነገር በግእዝም በአማርኛም በዚሁ ግሥ አድራጊ አንቀጽ ይናገራል፤ «ቡቃያ» የሚለውም ስም በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚያው ስፍራ ይገኛል።

ከዚህ ሥር የወጡት ቃላት ብዙ ናቸው። «ቡቃያ» በማሳ ላይ ያለው፣ ገና እሸት ያልያዘው አዝመራ ነው፤ ገበሬ ቡቃያው አማረ ወይም ቡቃያውን ውርጭ መታው ይላል። «በቆልት» በውኃ ተዘፍዝፎ ጫፉን ያወጣ ባቄላ ወይም ሌላ ጥራጥሬ ነው። «ብቅል» ደግሞ የጠላ እናት ነው፤ ገብሱ ወይም ስንዴው ይዘፈዘፋል፣ ውኃው ይንጠፈጠፋል፣ በቅጠል ተሸፍኖ ይቀመጣል፣ ሥር ሲያወጣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ከዚያም ይፈጫል። ጠማቂዋ የምትፈልገው ተክሉን አይደለም፤ እህሉ ለመብቀል ሲነሣ በውስጡ የሚፈጠረውን ጣፋጭነት ነው። ስለዚህም ልክ በሰዓቱ ታቋርጠዋለች። ለረጅም ጊዜ ቢተው ብቅሉ ብቅል አይሆንም። «የብቅለት መጠን» የሚለው የግብርና ባለሙያዎች አነጋገርም ከዚሁ የወጣ ነው፤ ከተዘራው ዘር ስንቱ እንደ ወጣ የሚለካበት ነው። ልጆቻቸውን በቀለ እና በቀለች ብለው የሚጠሩ ወላጆችም ያሰቡት ይኸንኑ ነው፤ ቂሙን አይደለም።

ከ«በቀለ» ጎን «ጎነቆለ» አለ። ይህ ከዘሩ ወይም ከድንቹ ላይ የምትወጣውን የመጀመሪያዋን ነጭ ጫፍ ነው የሚናገረው። እርጥበት ያገኘው የጐተራ እህል ሲጎነቁል ባለቤቱ ደስ አይለውም፤ ስለዚህ «ጎነቆለ» ሳይፈለግም የሚሆን ነገር መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። «አቆጠቆጠ» ደግሞ ከዘር አይነሣም፤ ግንድ፣ ጉቶ ወይም ቅርንጫፍ ይፈልጋል። ቀድሞ የነበረ፣ ምናልባትም የተቈረጠ ነገር አለ፤ ከእርሱ አዲስ ቅጥል ይወጣል። በመጽሐፈ ኢዮብ ዐሥራ አራተኛው ምዕራፍ የተቈረጠ ዛፍ ተስፋ እንዳለው የሚነገርበት ስፍራ በአማርኛው በዚህ ግሥ ነው የተገለጸው፤ በኢሳይያስ ዐሥራ አንደኛው ምዕራፍም ከእሴይ ሥር የሚወጣው «ቍጥቋጥ» ይባላል። ዛሬ «ቁጥቋጦ» ሲባል አጭር ዛፍና የጫካ ዳር ዕፅ ማለት እየሆነ የመጀመሪያው ትርጉም ደብዝዟል።

«ጸደቀ» የሚለውንም ማለፍ አይገባም። ችግኝ ከመደብ ተነሥቶ በሌላ ስፍራ ሲተከል፣ ሥር ይዞ መኖሩ የተረጋገጠ ጊዜ «ጸደቀ» ይባላል። የደን ሠራተኞች «የጽድቀት መጠን» ብለው የሚቈጥሩት ከተተከለው ውስጥ የተረፈውን ነው። ሃይማኖታዊው ቃል በአትክልት ስፍራ እንዲህ ባለ የተግባር ትርጉም መቈሙ የአማርኛ ውበት ነው። 

ከሁሉ ይልቅ ለ«በርጀን» ታሪክ አምሳያ የሚሆነው ግን «ሠረጸ» ነው። አውግስጦስ ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው የግእዝ መዝገበ ቃላትም ሆነ ቮልፍ ሌስላው በ1987 ባወጣው፣ «ሠረጸ» በቀለ፣ አቆጠቆጠ፣ ቅጥል አወጣ የሚል ትርጉም የያዘ ግሥ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስለ መንፈስ ቅዱስ ስትናገር ከአብ የሠረጸ ማለቷ ከዚሁ የተገኘ ነው፤ ተክል ከሥሩ ሳይለይ ከሥሩ እንደሚወጣ ያለ ምስጢር ነው የተጠቀሰው። ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን ቃሉ ከቅርንጫፉ ወረደ። «ሠርጾ ገባ» ሲባል ዘልቆ ገባ፣ ውስጥ ለውስጥ ተሰራጨ ማለት ሆነ። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት የመንግሥት ጽሕፈት አማርኛ ደግሞ «ማስረጽ»ን አድራጊ አድርጎ፣ ዕውቀት ማስረጽ፣ ቴክኖሎጂ ማስረጽ፣ አስተሳሰብ ማስረጽ የሚሉ ሐረጎችን አበዛ። ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጣ የነበረው እንቡጥ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር ሆነ ማለት ነው። የእንግሊዙ ቃል እንቡጥነቱን አጥቶ ብዛት ሆነ፤ የአማርኛው አቅጣጫውን ለወጠ። እንግሊዞቹ ስለ ኩዊንስ ሕዝብ ያን ያህል ሲከራከሩ፣ «ማስረጽ» ከተቃዋሚ ይልቅ ተጠቃሚ ነው የበዛለት። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ ተረክበው የደከሙበት፣ በ1948 ዓ.ም. በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት ለኅትመት የበቃው መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ ግን እንዲህ ያለውን የግሥ ሥር ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ሆኖ ኖሯል።

አሁን ቃላቱን ይዞ ወደ ከተማው መሄድ ይቻላል። አዲስ አበባ ራሷ ስሟ የአትክልት ነው። እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃው አጠገብ ባዩት አበባ ምክንያት በ1879 ዓ.ም. ስሙን እንዳወጡት ይነገራል። ይሁን እንጂ የከተማዋ መመሥረት ሲጻፍ «በቀለች» አይባልም፤ «ተቆረቆረች» ነው የሚባለው። ከተማ ይቆረቆራል። ቆርቋሪ ያለው፣ ቀን ያለው፣ ድንኳን የተተከለበት ሥራ ነው። ሰፈርም «ሰፈረ» ከሚለው፣ ጦር ሲያርፍ ከሚያደርገው የመጣ ነው። በራስ እገሌ ሰፈር፣ በደጃዝማች እገሌ ሰፈር የሚባለው የጥንቱ አሰያየም ከዚህ ይነሣል። «በቀለ» ለከተማ ሲውል እንግዲህ ባለቤት የሌለው፣ ማንም ያልቆረቆረው፣ አንድ ሌሊት አድሮ የተገኘ ሰፈር መሆኑን ሹክ ይላል። «የጨረቃ ቤት» የሚለው የአዲስ አበባ ሰው አነጋገርም ሐሳቡ ይኸው ነው፤ በጨረቃ ብርሃን ተሠርቶ ንጋት ላይ ቆሞ የታየ ቤት።

ለከተማዋ ሕይወት በእውነት ያቆጠቆጠላት ግን ባሕር ዛፍ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በዙሪያው ያለው የአገር ዛፍ ለማገዶና ለቤት እየተቈረጠ በማለቁ፣ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም እንዲዛወር ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ ገደማ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ በማደጉ ነገሩን ለወጠው። ከማደጉም በላይ ዋናው ጠባዩ መቈረጡ አለመግደሉ ነው። ጉቶው ከሥሩ ብዙ ቀጫጭን ቅጥሎችን ያወጣል፤ ባለቤቱ የሚሻሉትን መርጦ ያስቀራል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደ ገና ለማገርና ለአጣና የሚሆን እንጨት ይገኛል። የምዕራቡን የኮልፌን ኮረብቶች ጨምሮ የከተማዋን ዙሪያ የሸፈነው ዛፍ በዚህ መንገድ ሲያገለግል ኖሯል። የጭቃ ቤት ማለት በአብዛኛው የባሕር ዛፍ ማቆጥቆጥ ማለት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዘሩ የበቀለውን ያህል ከጉቶው ያቆጠቆጠው የከተማዋን ግድግዳ አቁሟል።

ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በደርግ ዘመን በዓለም ባንክ ብድር ከተካሄደ የመኖሪያ ቤት ሥራ ነው። ኢትዮጵያ ከባንኩ ጋር የነበራት ግንኙነት ከዚያ በፊት የቆየ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ለመንገድና ለልማት ባንክ የተሰጣት ብድር ባንኩ ለአፍሪካ አገር የሰጠው የመጀመሪያው ነው። ይሁን እንጂ ሕዝብ በመንገዱም በስልኩም የባንኩን ስም አልጠራም፤ በቤቱ ነው የጠራው። አዲስ አበባ እንዲህ ያለው ልማድ አላት። ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራላቸውን ድርጅት አጥረው ከጠሩበት የመጣ ነው፤ ሲኤምሲም የአንድ የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ አጭር ስም ነው። የሠራው ሄዶ ስሙ ይቀራል።

ቤት የመሥራቱ ነገር በዚያን ዘመን ምን ይመስል እንደ ነበር ማስታወስ ለቃሉ ጉዳይ ይጠቅማል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው ዐዋጅ ቍጥር 47 በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፣ አንድ ቤተሰብ ከአንድ የመኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ለቤት መሥሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ቤት ሠርቶ ማከራየት ቀረ። ከተማዋ ግን ሰው መቀበሏን አላቋረጠችም። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ሕዝቧ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ በ1987 ከ2.1 ሚሊዮን በላይ ሆነ፤ በ1999 ደግሞ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ። በ23 ዓመት ውስጥ እጥፍ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። ዛሬ የእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይህን ሲያይ «በርጀን» ቢል አይፈረድበትም፤ በርንስታይን ቢያነበው ግን ቀይ እርሳሱን ያነሣበት ነበር።

የዓለም ባንክ በእነዚያ ዓመታት ለድሆች ቤት ያራምደው የነበረው ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በሴኔጋል ከሰጠው ብድር ጀምሮ በብዙ አገሮች የታየ ነው። መንግሥት ቦታውን ይሸነሽናል፤ መንገድ ያወጣል፤ ውኃ ያቀርባል፤ ቤቱን ግን ቤተሰቡ ራሱ፣ በአቅሙ መጠን፣ ክፍል በክፍል ይሠራዋል። ከዘዴው ጋር የሚስማማው ግሥ «በቀለ» አይደለም፤ ቦታው ተለክቶ የተሰጠ ነውና። «ፈላ»ም ከቶ አይደለም። አንድ ክፍል ቆሞ ከእርሱ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ጓሮ ደግሞ ማድቤቱና ሰርቪሱ ሲወጣ ያየ ሰው፣ «አቆጠቆጠ» ቢል ቃሉ ቦታውን አገኘ ሊባል ይችላል። የአዲስ አበባ ሰው በአብዛኛው ዋናውን ቤት ሳይሠራ በፊት ሰርቪሱን አቁሞ በእርሱ ይኖራል፤ ዋናው ቤት ሲቆም ሰርቪሱ ለተከራይ ይሆናል። ተከራዩ በተራው ቦታ ሲያገኝ ሌላ ሰርቪስ ያቆማል። ግንድ፣ ቅጥል፣ ከቅጥሉ ሌላ ግንድ። የጥንቱ «በርጀን» በእርግጥ ያለው ይህን ነበር።

ከዚህ የተነሣ ለተርጓሚው አንድ ወጥ አቻ መስጠት አይቻልም፤ ቢሰጠውም ይጎዳዋል። ጥናቱ ስለ ሕዝብ ቍጥር ሲናገር «በፍጥነት የጨመረ» ወይም «ያሻቀበ» ማለት በቂ ነው፤ እንግሊዝኛው ራሱ እንቡጡን ስለ ረሳ፣ አማርኛው ያልተጠየቀውን እንቡጥ ማምጣት የለበትም። ስለ አዲስ የንግድ ሥራ፣ ስለ ጀማሪ ሠዓሊ፣ ስለ አንድ የእጅ ሙያ መጀመር ሲሆን «በማቆጥቆጥ ላይ ያለ» ይስማማዋል። ስለ ከተማ ዳርቻ ሲሆን ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ሰፈሩ በዕቅድ የተሸነሸነ ነው ወይስ ነዋሪው ራሱ ያቀናው? «ቀና»፣ «አቀና» የሚለውም ግሥ በዚህ ቦታ የተረሳ ይመስላል። ባድማ የነበረውን ስፍራ ሰው ገብቶበት መኖሪያ ሲያደርገው «አቀናው» ይባል ነበር፤ ነዋሪውን አድራጊ የሚያደርግ ቃል ነው። የጨረቃ ቤት የሠራው ሰው በሕግ በኩል ምንም ቢባል፣ ሰርዶና ድንጋይ የነበረውን መሬት ያቀና እርሱ ነው። ሕገ ወጥነቱን የሚናገር ዓረፍተ ነገር ለብቻው ይጻፍ፤ በግሡ ውስጥ ተደብቆ እንዲገባ መደረጉ አግባብ አይደለም።

«እንደ አሸን ፈላ» የሚለው አባባል ስለ ሰው ሲነገር ሁልጊዜ ይነቀፋል ማለት አይደለም፤ በጨዋታ መካከል የሚያስቅ ነው። በቢሮ ጽሑፍ ላይ ሲሰፍር ግን ሌላ ነው። ደግሞም በእንግሊዝኛው ውስጥ ያልነበረ ስድብ ነው። «በርጀን» ፍጥነትን ቢናገርም፣ ተምኔታዊውን የጸደይ ሽታ ከነአካቴው አላጣም፤ ዘመዱ «ፑሉሌት» ነው ወደ መርመስመስ የወረደው። አማርኛው የሁለተኛውን ትርጉም ለመጀመሪያው ሲሰጥ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላትን ማምታታቱ ነው። «እንደ እንጉዳይ ፈላ» የሚለውም በእንግሊዝኛ አነጋገር መሠረት የተበጀ ስለሆነ፣ «አሸን» በቤቱ እያለ እንጉዳይን ማስመጣት ምን እንደሚያስፈልግ አይታወቅም።

በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ማለት ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጐም፣ አንድ ሌላ ጥንቃቄ ያሻል። የሰፈሩ ሰው «ዓለም ባንክ ነው የምኖረው» ሲል ስለ ገንዘብ ድርጅቱ አይናገርም፤ ታክሲው ረዳት «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» እያለ ሲጣራም ማንንም ወደ ብድር አይጠራም። ስሙ ፍቺው ተራግፎ ድምፁ ብቻ ቀርቷል፤ በሰፈሩ ለተወለደ ልጅ መጀመሪያ የሚታወቀው ሰፈሩ ነው፣ ባንኩን የሚያውቀው ኋላ በትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ስሙ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ በድምፁ ይጻፍ እንጂ በትርጉሙ አይጻፍ። አዲስ አበባን በትርጉሟ «አዲስ አበባ የተባለች አበባ» ብሎ በካርታ ላይ የሚጽፍ እንደሌለ ሁሉ፣ ይህንንም በትርጉሙ የጻፈ ሰው፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ያለ የአንድ ቤተሰብ ደብዳቤ ወደ ዋሽንግተን እንዲላክ ምክንያት ይሆናል።